አሸዋውን ብንቀይርም አቧራው ለምን አልተቀየረም?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ የሥራ ላይ ደኅንነት

ጥያቄ፦ በአንድ ብረት ማቅለጫ ውስጥ የማጽጃ ክፍል ኃላፊ ሆኜ እሠራለሁ። ቀልጠው በቅርጽ የወጡትን ዕቃዎች፣ እኛ ካስቲንግ የምንላቸውን፣ ለብዙ ዓመታት በደረቅ አሸዋ ርጭት ስናጸዳ ኖረናል። በአሸዋው ውስጥ ያለው ሲሊካ የሚባለው ማዕድን የሳንባ በሽታ እንደሚያመጣ ከተረዳን ወዲህ ግን አሸዋውን ትተን ስቲል ሾት በሚባለው ጥቃቅን የብረት እንክብል መጠቀም ጀምረናል። እንክብሉን ያቀረበልን ነጋዴ «ከእንግዲህ ሲሊካ የሚባል ነገር የለባችሁም» ስላለን፣ ሠራተኞቹ አየር በቱቦ የሚገባበትን ከባድ ሄልሜት አውልቀው በጨርቅ ማስክ እንዲሠሩ ፈቀድሁላቸው። ሆኖም ፈረቃው ሲያበቃ በመስኮቱ ደፍና በመብራቶቹ ላይ ተኝቶ የማገኘው አቧራ እንደ ድሮው ነጣ ያለ ነው። ከሠራተኞቼ አንዱም ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ እንደሚያጥረው ነግሮኛል። ውሳኔዬ ስሕተት ነበር ወይ? ከሆነስ ማረሙን ከየት ልጀምር?

መልስ፦ አዎን፣ ሄልሜቱን ማስወለቅዎ ስሕተት ነበር፤ ሌላው ሁሉ በየተራ ሊስተካከል ይችላል፣ ይህ ግን ነገ ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት መታረም አለበት። አሸዋውን መተውዎ ትክክል ስለሆነ ወደ እርሱ አይመለሱ። ብሪታንያ ካስቲንጎችን በአሸዋ ርጭት ማጽዳትን የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1949 ባወጣችው ደንብ ነው፤ የአሜሪካው የሙያ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋምም እ.ኤ.አ. በ1974 ከ1 በመቶ በላይ ክሪስታል ሲሊካ ያለበት ማንኛውም ነገር ለርጭት እንዳይውል መክሯል።

ነጋዴው የነገረዎ ነገር ስለ እንክብሉ እውነት ነው፣ ስለ ካስቲንጉ ግን አይደለም። ካስቲንጉ የተወለደው አሸዋ ውስጥ ነው። ግራጫ ብረት በ1,400 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ፣ ስቲል ደግሞ በ1,600 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ሞልድ ወደሚባለው የአሸዋ ቅርጽ ማውጫ ሲፈስ፣ ብረቱ የነካው አሸዋ ከገጹ ጋር ይጣበቃል፤ በማዕዘኖቹና ኮር፣ ማለትም የካስቲንጉን ውስጥ ባዶ ለማድረግ የሚገባው የአሸዋ ቅርጽ፣ በነበረባቸው ቀዳዳዎች ውስጥ ደግሞ ተጋግሮ ይቀራል። ይህ አሸዋ አብዛኛውን ጊዜ ኳርትዝ የሚባለው የሲሊካ ዓይነት ነው፤ ሙቀቱም ከፊሉን ክሪስቶባላይት ወደሚባለው፣ ለሳንባ ከኳርትዝ ወደማይሻለው የሲሊካ ዓይነት ሊለውጠው ይችላል። እንክብሉ ይህን ቅርፊት እየመታ ይሰባብረዋል፤ አዲስ የተሰበረ የኳርትዝ ገጽ ደግሞ ቆይቶ ከሰነበተው ይልቅ የሳንባ ሕዋሳትን የበለጠ ይጎዳል። በመስኮትዎ ደፍ ላይ የሚያገኙት ነጣ ያለ አቧራ እንግዲህ የምታጸዱት ዕቃ ራሱ ይዞት የመጣ ነው።

ያም ሆኖ በደፉ ላይ የሚያዩት አቧራ ከሁሉ የከፋው አይደለም። ዐይን የሚያየው ብናኝ በአብዛኛው በአፍንጫና በጉሮሮ ተይዞ ይቀራል፤ ወደ ሳንባው መጨረሻ፣ ወደ አየር ከረጢቶቹ የሚዘልቀው ግን ከ10 ማይክሮሜትር (ከሚሊሜትር መቶኛ) ያነሰው፣ በተለይም ከ4 ማይክሮሜትር በታች የሆነው ነው። የዚህ ደቃቁ ክፍል ርጭቱ ከቆመ በኋላም ለሰዓታት አየር ላይ ሊንሳፈፍ ይችላል፤ አየሩ የጠራ በሚመስልበት ጊዜም አለ ማለት ነው። ምን ያህሉ እንደሚበዛ ለመረዳት አንድ ስሌት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የአሜሪካ ደንብ ለ8 ሰዓት የሥራ ቀን የፈቀደው ከፍተኛ መጠን በአማካይ 50 ማይክሮግራም (የሚሊግራም ሺሕኛ) በሜትር ኪዩብ ነው። አንድ ሠራተኛ በአንድ ፈረቃ 10 ሜትር ኪዩብ ያህል አየር ይተነፍሳል ቢባል፣ የቀኑ ጣሪያ ግማሽ ሚሊግራም ይሆናል፤ ይህም ግማሽ ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው ሦስት የአሸዋ ቅንጣቶች ቢፈጩ የሚወጣው ዱቄት ነው። ከአንድ ካስቲንግ ላይ በእፍኝ የሚረግፈውን አሸዋ እርስዎ ያውቁታል።

ማረሙን ከየት ልጀምር ላሉት፣ ከርጭት ክፍሉ ይልቅ ከእርሱ በፊት ካለው ሥራ ይጀምሩ እላለሁ። ወደ ርጭት የሚገባው ካስቲንግ ሆዱ አሸዋ እንደያዘ ከሆነ፣ በንዝረት ማሽን ሊረግፍ የሚችለውን አሸዋ በእንክብል ፈጭታችሁ ወደ አየር እየላካችሁት ነው ማለት ነው። ኮሮቹ ተሰብረው ይውጡ፣ ካስቲንጉ አየር የሚመጥ መሣሪያ በተገጠመለት የንዝረት ወለል ላይ በደንብ ይራገፍ፣ ለርጭቱም የተጣበቀው ቅርፊት ብቻ ይተውለት። ይህ ጉልበት የሚጠይቅ ስለሆነ በጥድፊያ ጊዜ መጀመሪያ የሚዘለለው እርሱ ነው፤ እንደ እኔ ግን ከየትኛውም ማስክ የበለጠ አቧራ የሚቀንሰው ይኸው ሥራ ነው።

ቀጥሎ እንክብሉን ራሱን ይፈትሹ። ተመልሶ ሥራ ላይ የሚውል እንክብል ከካስቲንጉ የረገፈውን አሸዋ ይዞ ስለሚዞር፣ አየር እያሳለፈ አሸዋውን የሚለየው ሴፓሬተር በትክክል ካልተስተካከለ፣ አሸዋ ትተናል የምትሉት ሠራተኞች ሳታውቁት አሸዋና ብረት ቀላቅላችሁ ትረጫላችሁ። ምርመራው ቀላል ነው፦ ከማሽኑ አንድ እፍኝ ወስደው በነጭ ወረቀት ላይ ያፍስሱት፣ ከዚያም ማግኔት በስስ ፕላስቲክ ጠቅልለው እንክብሉን ያንሡ። በወረቀቱ ላይ የሚቀረው፣ ማግኔት የማይስበው ፈዛዛ ቅንጣት ያ የተዋችሁት አሸዋ ነው። አሸዋ የበዛበት እንክብል የማሽኑን ምላጮችና የውስጥ ሽፋን ቶሎ ስለሚበላ፣ ስለ ጤና ሲነሣ የሚሰለቻቸው አለቆች ካሉብዎ በዚህ በኩል ቢያነሡት ይሰሙዎታል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው አቧራውን ከሰው መለየት ነው። ዕቃው በመጠን የሚፈቅድ ከሆነ፣ ሠራተኛው ውጭ ቆሞ ርጭቱ በተዘጋ ሳጥን ወይም በሚሽከረከር ጎማ እንክብል በሚወረውር ማሽን ውስጥ ቢካሄድ ይመረጣል። ሳጥኑ አየሩን ወደ ውስጥ የሚስብ መሆን አለበት፤ በበሩ ስንጥቅ ላይ ቀጭን የወረቀት ቁራጭ ቢያስጠጉ ወረቀቱ ወደ ውስጥ ሊሳብ ይገባል። ወደ ውጭ ከተገፋ የአቧራ ማጣሪያው ከረጢቶች ተደፍነዋል ወይም ቱቦው አንድ ቦታ ተቀድዷል። ርጭቱ እንደቆመ በሩን መክፈት ደግሞ የተለመደ ጥፋት ነው፤ ማራገቢያው ውስጡን እስኪያጠራ መቆየት ያስፈልጋል፣ የሚያስፈልገውንም ጊዜ በሠራተኛው ትዕግሥት ላይ ከመተው በበሩ ቁልፍ ላይ ሰዓት መግጠም ይሻላል።

ሰው ወደ ክፍሉ ገብቶ በእጁ የሚረጭባቸው ትልልቅ ካስቲንጎች አሉ። በዚያ ጊዜ ንጹሕ አየር ያለማቋረጥ በቱቦ የሚገባበት፣ ራስን፣ አንገትንና ትከሻን የሚሸፍን ሄልሜት ግዴታ ነው። የጨርቅ ማስክ እነዚያን ደቃቅ ብናኞች አያስቀርም፤ ምንም መከላከያ ካለማድረግ የባሰ ነው ብል ማጋነን አይሆንም፣ ሠራተኛው ተጠብቄያለሁ ብሎ አቧራው ውስጥ እንዲቆይ ያደርገዋልና። ሄልሜቱ የሚወልቀውም ርጭቱ ስለቆመ ሳይሆን ሠራተኛው ከክፍሉ ወጥቶ ልብሱ ላይ ያለው አቧራ ደቃቅ ብናኝ በሚይዝ ፊልተር በተሠራ መምጠጫ ከተነሣ በኋላ ነው። ልብስን በኮምፕሬሰር አየር ማራገፍና ወለልን በደረቁ መጥረግ ቀኑን ሙሉ የተያዘውን አቧራ መልሶ ወደ አየር ይሰድዳል። የሥራ ልብሱም ከሠራተኛው ጋር ወደ ቤት አይሂድ።

ትንፋሽ ስለሚያጥረው ሠራተኛዎ ደግሞ ጉዳዩን አያዘግዩት። የሳንባ ተከላካይ ሕዋሳት ሲሊካውን ዋጥ አድርገው ሊያስወግዱት ይሞክራሉ፣ እነርሱ ራሳቸው ይሞታሉ፣ ቦታው ይቆስላል፣ ቁስሉም ወደ ጠባሳ ይለወጣል፤ ሲሊኮሲስ የሚባለው ይህ ነው። በብዛት ከ10 ዓመት በላይ በቆየ ሥራ ይመጣል፤ አቧራው በጣም የበዛ ከሆነ ግን በጥቂት ዓመታት፣ አንዳንዴም በወራት ውስጥ ሊታይ ይችላል። ጠባሳውን የሚመልስ መድኃኒት የለም፤ ሥራውን ከተዉ በኋላም ሊብስ ይችላል። በሽታው ለሳንባ ነቀርሳ ያጋልጣል፣ የዓለም ካንሰር ምርምር ኤጀንሲም እ.ኤ.አ. በ1997 በሥራ ቦታ የሚተነፈሰውን ክሪስታል ሲሊካ በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉት መድቦታል። ሠራተኛው የደረት ኤክስሬይ፣ የትንፋሽ አቅም መለኪያና የነቀርሳ ምርመራ ያስፈልገዋል። ለሐኪሙም ምን ሥራ እንደሚሠራ፣ ስንት ዓመት እንደሠራና ምን ይረጭ እንደነበር በጽሑፍ ይዞ ይሂድ፤ ሲሊኮሲስ በኤክስሬይ ላይ ከነቀርሳ ጋር ሊመሳሰል ስለሚችል፣ ሙያው ያልተነገረው ሐኪም ሊሳሳት ይችላል። ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ አቧራ ወደሌለበት ሥራ ያዛውሩት፤ ደመወዙ ሳይነካ ቢሆን ሌሎቹም ሕመማቸውን አይደብቁዎትም።

ጥያቄ፦ እኔ ራሴ ረጪ ነኝ። ሄልሜት አደርጋለሁ፣ ነገር ግን አየሩ የሚመጣው ለርጭቱ ከሚያገለግለው ኮምፕሬሰር ነው፤ ቀትር አካባቢ የተቃጠለ ዘይት ይሸተኛል፣ ራሴንም ያመኛል። ጓደኞቼ ለምደኸዋል አትፍራ ይሉኛል። ሌላም አለ፦ የኖዝሉን፣ ማለትም የመርጫውን አፍ፣ መያዣ ተጭኖ መዋል እጄን ስለሚያደክመኝ በሽቦ አስሬዋለሁ። ይህስ ችግር አለው?

መልስ፦ ሽታውንና ራስ ምታቱን አይልመዱት፤ እንደተሰማዎ ሥራውን አቁመው ከክፍሉ ይውጡ። በዘይት የሚሠራ ኮምፕሬሰር ከመጠን በላይ ሲሞቅ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊያመነጭ ይችላል፤ አየር የሚስብበት አፍ ለጄኔሬተር ጭስ ወይም ለማቅለጫው ምድጃ ቅርብ ከሆነም ያንኑ ጋዝ ስቦ በቀጥታ ወደ ሄልሜትዎ ያስገባዋል። ጋዙ ራሱ ሽታ ስለሌለው የዘይቱ ሽታ ባይኖርም አደጋው ሊኖር ይችላል። በተለምዶ የሚገጠመው የዘይትና የሽታ ማጣሪያም ካርቦን ሞኖክሳይድን አያስቀርም፤ እርሱን ለማስወገድ ለዚሁ የተሠራ፣ ጋዙን ወደ ሌላ የሚለውጥ ካታሊስት ይፈለጋል። በአሜሪካ ደንብ ለመተንፈሻ የሚውል የታመቀ አየር ኦክስጅኑ ከ19.5 እስከ 23.5 በመቶ፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ከ10 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 10 እጅ) ያልበለጠ መሆን አለበት፤ ዘይት ለሚጠቀም ኮምፕሬሰርም የጋዝ ወይም የሙቀት ማስጠንቀቂያ ደወል ይጠየቃል። አለቃዎ የአየር መሳቢያውን አፍ ንጹሕ አየር ወዳለበት እንዲያዛውሩት፣ አየሩንም እንዲያስለኩት ይጠይቁ። በብረት ማቅለጫ ውስጥ የናይትሮጅን ወይም የአርጎን መስመር ካለ ደግሞ የመተንፈሻው ቱቦ ማያያዣ ከእነዚያ ጋር ፈጽሞ የማይገጥም ዓይነት መሆን አለበት፤ ናይትሮጅን በሄልሜት የተነፈሰ ሰው ምንም ሳይታወቀው ራሱን ይስታል።

ሽቦውን ዛሬውኑ ይፍቱት። መያዣው የተሠራው ሰው ሲወድቅ ወይም ቱቦው ከእጁ ሲያመልጥ ርጭቱ በራሱ እንዲቆም ነው፤ በ7 ባር ግፊት የሚወረወር ብረት ጓንትንና ሥጋን ይቀድዳል፣ ያመለጠ ቱቦም ወዴት እንደሚዞር አይታወቅም። የእጅ ድካሙ ግን እውነተኛ ችግር ነው፤ መፍትሔው ሰው እየተቀያየረ መሥራት ወይም ለመጫን የሚቀል የአየር ወይም የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ ማስገጠም ነው። በዚያው እግረ መንገድዎን ሄልሜቱ ጆሮን ይጠብቃል ብለው እንዳይዘናጉ፤ የርጭት ድምፅ ከ100 ዴሲቤል ስለሚያልፍ ከሥሩ የጆሮ መድፈኛ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ብረት በምናጸዳበት ሳጥን ውስጥ አሉሚኒየምና ነሐስ ካስቲንጎችንም ብናጸዳ ምን ይላሉ?

መልስ፦ አሉሚኒየሙን አይቀላቅሉት። የአሉሚኒየም ደቃቅ ብናኝ በአየር ውስጥ ተበትኖ ብልጭታ ካገኘ ይፈነዳል፤ ከዝገት ጋር ሲደባለቅ ደግሞ እጅግ ከፍተኛ ሙቀት ያለው ቃጠሎ ሊነሣ ይችላል፣ የብረት ማጽጃ ሳጥን ማጣሪያም በዝገት የተሞላ ነው። ለአሉሚኒየም የራሱ ሳጥን፣ ለሚፈነዳ አቧራ የተሠራ ማጣሪያና የኤሌክትሪክ ብልጭታ እንዳይፈጥር በሽቦ ከመሬት ጋር የተያያዘ ቱቦ ያስፈልጋል። ነሐስን በተመለከተ በቅድሚያ ቅይጡን ይጠይቁ፤ እርሳስ ያለበት ከሆነ ሠራተኞቹ የደም እርሳስ ምርመራ ሊደረግላቸው ይገባል፣ ቤሪሊየም ያለበት የመዳብ ቅይጥ ከሆነ ደግሞ ለእርሱ የተለየ ጥንቃቄ እስኪዘጋጅ ድረስ ወደ ሳጥኑ አያስገቡት።