ይሄ ሁሉ ሜዳልያ ገንዘብ ነበር እንዴ?

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ፣ እህታችሁ ነኝ ከቪየና። እዚህ ኩንስትሂስቶሪሽስ ሙዚየም የሳንቲም ክፍሉ ገብቼ የ1600ዎቹን ሜዳልያዎች አየሁ፣ ባንድ ፊት ዊግ ያደረገ ንጉሥ፣ ሲገለበጥ ክንፍ ያላት ሴት፣ እባብ፣ ፀሐይ ምናምን። እንደኛ ማርትሬዛ ይገበያዩበት ነበር? ሥዕሉስ ምን ለማለት ነው? ፊቱስ ለምን ሁሌ በጎን ሆነ?

መልስ፦ አይ እህታችን፣ በነዚህ በርበሬም አይገዛ። በማርትሬዛ ይሸመት ነበር፣ ሜዳልያው ግን የሚሰራው አንድን ነገር ለማስታወስና ለመስጠት ነው፣ ድል፣ ሰርግ፣ የሰላም ውል፣ አዲስ ሕንፃ፣ ንጉሡ ለአምባሳደሩም ለጄኔራሉም ይሸልመዋል፣ ወርቁ ለትልቅ ሰው፣ ብሩና ነሐሱ ዝቅ ላለው።

ፊቱ ለምን ሁሌ በጎን ሆነ ብለሻል? እኛ ቤተክርስቲያን ግድግዳ ላይ በጎን ተስሎ አንድ ዓይኑ ብቻ የሚታየው ክፉው ሰው ነው፣ እዛ ግን የሮማ ቄሳሮች ሳንቲም ላይ እንደዛ ስለነበሩ በጎን መታየት ክብር ነው። ጀርባው ደግሞ ንግግሩ ነው። ጭራዋን የነከሰችው እባብ ዘላለም ናት እንጂ ሰይጣን አይደለችም፣ ክንፍ ኖሯት መለከት የምትነፋዋ ዝና፣ አክሊልና ዘንባባ የያዘችው ድል፣ ከታች ከመስመሩ ስር ብዙ ጊዜ ዓመተ ምሕረቱ አለ (በነሱ አቆጣጠር ነው፣ እኔም እዚህ የምጽፈው በሱ ነው)።

የፈረንሳዩ ሉዊ 14ኛ ጉዳዩን የመንግሥት ስራ አደረገው። በ1663 ሚኒስትሩ ኮልቤር ጥቂት ምሁራን ሰብስቦ አካዳሚ አቋቋመ፣ ከስራቸው አንዱ ለሜዳልያ ምልክትና አጭር ላቲን መፈለግ ነበር፣ ቦታው ጠባብ ነዋ። በ1702 የንጉሡን ዘመን በ286 ሜዳልያ የሚተርክ ትልቅ መጽሐፍ ወጣ፣ ሜዳልያዎቹም ልካቸው አንድ ነው፣ 41 ሚሊሜትር፣ የማርትሬዛን ያህል ማለት ነው። እውነት ለመናገር በተከታታይ ሲያዩት ይሰለቻል፣ ሰውየው ሁሌ አሸናፊ ነው። በ1685 የፕሮቴስታንቶችን መብት ሲሰርዝ በወጣው ሜዳልያ ሃይማኖት በሴት ተመስላ ዘውድ ትደፋለታለች፣ እግሩ ስር ኑፋቄ ወድቃለች፣ ጽሑፉም ሁለት ሚሊዮን ካልቪናውያን (እነዚሁ ፕሮቴስታንቶች) ወደ ቤተክርስቲያን ተመለሱ ይላል፣ አገር ጥለው ስለሸሹት ግን ትንፍሽ የለም።

ደግሞ ቀልድ እንዳይመስልሽ፣ የእንግሊዙ ቻርልስ 2ኛ በ1672 ሆላንድ ላይ ጦርነት ሲያውጅ በአዋጁ ከዘረዘራቸው በደሎች መሃል የሆላንዶች የስድብ ሥዕሎችና ውሸታም ሜዳልያዎች አሉበት!

ስራው ግን ያስደንቃል። ወይ በሰም ቀርጾ ነሐስ ማፍሰስ ነው፣ የፍሎሬንሱ ሶልዳኒ በዚህ የተካነ ነበር፣ ወይ ደግሞ ብረት ላይ ሥዕሉን ገልብጦና ወደ ውስጥ ቀርጾ በትልቅ መጫኛ መምታት ነው። ሥዕሉ ጎላ ያለ ከሆነ ባንድ ምት አይወጣም፣ ሲመታ ብሩ ይጠጥራል፣ እሳት ገብቶ ይለሰልስና እንደገና ይመታል፣ እንዲህ እያለ የዊጉ ፀጉር ጥቅልል ሳይቀር እስኪወጣ ድረስ።

ከሁሉም እኔ የምመርጠው የስዊድኗን ንግሥት ክሪስቲናን ነው፣ በ1654 ዙፋኗን በፈቃዷ ለቃ ሮም የገባችዋን። አንዱ ሜዳልያዋ ጀርባ ላይ ያለው የምድር ሉል ብቻ ነው፣ ዙሪያውን በጣልያንኛ «አያስፈልገኝም፣ አይበቃኝምም» ይላል። ሉዊ በ286ቱ እንዲህ አላለም።