ለልውውጥ ትምህርት ወደ አሜሪካ ለምትሄዱ የሐዋሳ ልጆች፦ ስለ ሥራ

ልጆቼ፣

ዘንድሮም ከሐዋሳ በልውውጥ ፕሮግራም አሜሪካ ሄዳችሁ ልትማሩ የተዘጋጃችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። አንዳንዶቻችሁን አስተምሬያለሁ፤ ለአንዳንዶቻችሁም የድጋፍ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ስለ ብርዱ፣ ስለ ምግቡና ስለ ናፍቆቱ የሚነግራችሁ ሰው አታጡም። እኔ የምጽፍላችሁ ስለ ሥራ ብቻ ነው። በትምህርታቸው ጎበዝ ሆነው ሳለ፣ ሳይፈቀድላቸው በጀመሩት ሥራ ምክንያት ፕሮግራማቸው የተቋረጠባቸውን ልጆች አውቃለሁና ዝም ማለት አልቻልኩም።

የምትይዙት ቪዛ ጄ-1 ይባላል። መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣ ሕግ ሲሆን፣ የሕጉ ዓላማ ሕዝቦች በትምህርትና በባህል እንዲተዋወቁ ማድረግ ነው። በዚህ ቪዛ ተማሪ መሥራት ይችላል። ነገር ግን የሚሠራው በጽሑፍ ሲፈቀድለት ነው፤ ፈቃዱም የመጀመሪያዋን ሰዓት ከመሥራቱ በፊት መሰጠት አለበት። ሥራ ጀምሮ ፈቃዱን በኋላ ማስተካከል አይቻልም። ከዚህ ደብዳቤ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህቺን አትርሱ።

ፈቃዱን የሚሰጠው ማነው? ብዙ ልጆች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ቀጣሪው ሊፈቅድ አይችልም፤ የሚወዳችሁ ፕሮፌሰርም ቢሆን አይችልም። የሚፈቅደው ስፖንሰራችሁ ነው። ስፖንሰር ማለት ዲኤስ-2019 የተባለውን ቅጽ ያወጣላችሁ ድርጅት ነው። ቅጹን ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። የስፖንሰሩ ስም፣ ፕሮግራማችሁ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን፣ በምን ዘርፍ እንደምትሄዱ፣ ወጪያችሁን ማን እንደሚሸፍን ሁሉ እዚያ ላይ ሰፍሯል። ስፖንሰሩ የምትማሩበት ዩኒቨርሲቲ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ፉልብራይት በሚባለው የአሜሪካ መንግሥት ስኮላርሺፕ የሚሄድ ልጅ ቅጹ የሚወጣለት በፕሮግራሙ በኩል ስለሆነ፣ የዩኒቨርሲቲው የውጭ ተማሪዎች ቢሮ በደስታ ቢያስተናግደውም ሥራ ሊፈቅድለት ሥልጣን የለውም። «ቢሮ ሄጄ ጠይቄ ነበር» ማለት ከተጠያቂነት አያድንም፤ የጠየቃችሁት ትክክለኛው ቢሮ መሆን አለበት።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላ ነገር አለ። እዚያ ስትደርሱ አብዛኛው የምታገኙት የውጭ ተማሪ ኤፍ-1 የሚባለውን ቪዛ የያዘ ነው። የክፍል ጓደኛችሁ «እኔ ካፍቴሪያ ውስጥ ዝም ብዬ ነው የጀመርኩት፣ የተለየ ፈቃድ አልጠየቁኝም» ቢላችሁ እውነቱን ነው፤ በእሱ ቪዛ ግቢ ውስጥ ለመሥራት እንደናንተ የጽሑፍ ፈቃድ አያስፈልገውም። እሱን አይታችሁ እዚያው ካፍቴሪያ፣ በዚያው ሰዓት፣ ያንኑ ሥራ ብትጀምሩ ግን እናንተ ደንብ ጥሳችኋል። ስለዚህ ምክር ስትቀበሉ መጀመሪያ «አንተ የያዝከው ቪዛ ምንድን ነው?» በሉ።

ግቢ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ራሱ የተወሳሰበ አይደለም። ትምህርት በሚሰጥበት ወቅት በሳምንት እስከ 20 ሰዓት፣ በዕረፍት ወቅት ከዚያ በላይ መሥራት ይቻላል። ሙሉ የትምህርት ጭነት መያዝና ውጤታችሁን መጠበቅ ግዴታ ነው። ፈቃዱ ቢበዛ ለ12 ወር ስለሚሰጥ መታደስ አለበት። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ 12 ሰዓት፣ ላቦራቶሪ ውስጥ 10 ሰዓት የሚሠራ ልጅ 22 ሰዓት ሠርቷል፤ ሁለት ቦታ መሆኑ ሰዓቱን አይከፋፍልለትም። የመምህር ረዳትነቱም ከዚያው ከ20 ሰዓት ይቆጠራል። ደመወዝ ለማግኘት የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሚባለው የደመወዝና የግብር መለያ ቁጥር ያስፈልጋል፤ ለዚያም ከስፖንሰራችሁ ደብዳቤ ትይዛላችሁ። በየዓመቱም ገቢ ኖራችሁም አልኖራችሁ ለግብር መሥሪያ ቤቱ የምትሞሉት ቅጽ አለ፤ ቢሮው ሲያስታውሳችሁ አትስነፉ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ልጆች ደንቡን የሚጥሱት ባለማወቅ ብቻ አይመስለኝም። አብዛኞቹ ያውቁታል። የሚያስጥሳቸው ገንዘብ ነው፤ የገንዘቡም ግፊት የሚጀምረው አሜሪካ ሳይሆን እዚሁ ሐዋሳ፣ ገና ከቤት ሳይወጡ ነው።

«ልጃችን አሜሪካ ገባ» ሲባል ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። እናት የእህቱን ኮሌጅ ክፍያ ታስባለች፤ አባት የጀመረውን ቤት ጣሪያ ያስባል፤ ለመንገዱ ዕቁቧን የሰጠችው አክስትም በልቧ ትጠብቃለች። ማንም ክፉ አላሰበም። ችግሩ ከስኮላርሺፕ የሚገኘው ወርሃዊ ገንዘብ በብር ሲመነዘር ብዙ መምሰሉ ነው። ያ ገንዘብ ግን ለአንድ ተማሪ ኪራይ፣ ምግብና መጓጓዣ ተሰልቶ የተቆረጠ ነው። የጤና ኢንሹራንስ አለ፤ ደንቡ ለአንድ ሕመም ወይም አደጋ ቢያንስ 100,000 ዶላር የሚሸፍን እንዲሆን ያስገድዳል፤ ፕሮግራሙ ካልከፈለላችሁ ከኪሳችሁ ይወጣል። እናታችሁ ይህን ከየት ታውቃለች? ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ቤተሰባችሁን ሰብስባችሁ፣ የሚገባውንና የሚወጣውን በወረቀት ጽፋችሁ አሳዩ። «በዚህ ጊዜ ውስጥ የምልከው አይኖረኝም፤ ካገኘሁ እልካለሁ፣ ካላገኘሁ አትቀየሙኝ» ማለት ያሳፍራል፤ እኔም ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ያንን ቀን ያለፈ ልጅ እዚያ ሄዶ ሌሊት እንቅልፍ አያጣም።

በራሳቸው ወጪ የሚሄዱ ልጆች ደግሞ ሌላ ፈተና አለባቸው። በቂ ገንዘብ እንዳላቸው ለማሳየት ዘመድ ለጥቂት ጊዜ ሒሳባቸው ውስጥ ብር ያስገባላቸዋል፤ ማረጋገጫው ከተወሰደ በኋላ ብሩ ይመለሳል። ይህ ልማድ ሆኗል። ልጁ እዚያ ሲደርስ ወረቀቱ ላይ ያለው ገንዘብ በኪሱ የለም፤ በሁለተኛው ወር ኪራይ ያጥረዋል። ደንቡ ከግቢ ውጭ መሥራትን የሚፈቅደው ተማሪው እዚያ ከገባ በኋላ ያልታሰበ፣ ከባድና አስቸኳይ የኢኮኖሚ ችግር ሲደርስበት ነው። የሚደግፋችሁ አባት ቢሞት፣ ወይም የቤተሰቡ ንግድ በድንገት ቢወድቅ፣ ያንን በማስረጃ አቅርባችሁ ማመልከት ትችላላችሁ። ገና ከመነሻው ያልነበረን ገንዘብ ግን «ያልታሰበ ችግር» ብላችሁ ልታቀርቡት አትችሉም። እባካችሁ ወላጆች፣ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ በልጃችሁ ላይ ይህን አታድርጉ።

ችግር በእውነት ከደረሰባችሁም ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ኪራይ ከመዝለላችሁ በፊት ቢሮ ሂዱ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለችግር ጊዜ የሚሰጡት አነስተኛ ድጋፍ አላቸው፤ ካልተጠየቀ ግን ማንም ፈልጎ አይሰጣችሁም። ችግርን መደበቅ እንደ ጨዋነት የሚቆጠርበት ቤት ውስጥ ማደጋችሁን አውቃለሁ፤ እኔም እንደዚያው ነው ያደግሁት።

ከዚያ ዘመድ ይመጣል። ዋሽንግተን ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም አሌክሳንድሪያም ያለው ወገናችን ብዙ ነው፤ ለእንግዳ ልጅም ቸር ነው። በበዓል ትጠየቃላችሁ፤ በልታችሁ ጠጥታችሁ ስትጨዋወቱ አንዱ ጋሼ «ለምን ቅዳሜና እሑድ ፓርኪንግ አትሠራም? በካሽ ነው የሚከፍሉት፣ ማንም አያይህም» ይላል። እሱ በሌላ መንገድ ገብቶ፣ የመሥሪያ ወረቀቱን አግኝቶ የሚኖር ሰው ነው፤ የሚናገረውም ከፍቅር ነው። ጋሼን አክብራችሁ፣ ሥራውን ግን እምቢ በሉ። በካሽ መከፈሉ ሥራውን ሕጋዊ አያደርገውም። በዘመድ ስልክና ስም ምግብ ማድረስ ወይም መኪና መንዳትም ያው ነው፤ እንዲያውም የሌላ ሰው ስም ስለገባበት ይብሳል። ያለፈቃድ የሠራ ተማሪ የፕሮግራሙን ደንብ እንደጣሰ ይቆጠራል፤ ስፖንሰሩም ፕሮግራሙን ሊያቋርጥበት ይችላል። መቋረጡ ሴቪስ በሚባለው የመንግሥት መዝገብ ውስጥ ይገባል፤ በሌላ ጊዜ ቪዛ ስትጠይቁም አብሯችሁ ይቀርባል። ትምህርቱን ጨርሶ ለሚወጣ ሰው የሚሰጠው የ30 ቀን መሰናበቻም ለተቋረጠበት የለም።

ስለ ኢንተርኔት ሥራም ጠይቃችሁኛል። እዚህ ሆናችሁ የጀመራችሁት የድረ ገጽ ወይም የትርጉም ሥራ ካለ፣ አሠሪው አዲስ አበባ ነው ብላችሁ ብቻ ከደንቡ ውጭ ነው አትበሉ። ሥራውን የምትሠሩት አሜሪካ ምድር ላይ ተቀምጣችሁ ነውና ከመቀጠላችሁ በፊት ለስፖንሰራችሁ ጻፉ፣ መልሱንም አስቀምጡ።

ደግሞ ብዙዎቻችሁ ሳታውቁት የሚያልፋችሁ ዕድል አለ፤ አካዳሚክ ትሬኒንግ ይባላል። ከምትማሩት ትምህርት ጋር በቀጥታ በተያያዘ ሥራ፣ በክፍያም ሆነ ያለ ክፍያ፣ እየተማራችሁ ወይም ስትጨርሱ እንድትሠሩ ይፈቅዳል። ጊዜው ለአብዛኛው ተማሪ ቢበዛ 18 ወር ነው፤ ከተማራችሁበት ጊዜ ግን አይበልጥም። ዘጠኝ ወር የተማረ ልጅ ዘጠኝ ወር ነው የሚያገኘው። በግማሽ ቀን ብትሠሩም ጊዜው እንደ ሙሉ ቀን ይቆጠራል። የአሠሪው ደብዳቤና ሥራው ከትምህርታችሁ ጋር እንዴት እንደሚያያዝ የሚገልጽ የአማካሪያችሁ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱን የሚሰጠው አሁንም ስፖንሰሩ ነው። ማመልከቻው ዲኤስ-2019 ላይ ያለው የማብቂያ ቀን ከማለፉ በፊት ካልገባ ዕድሉ ያልፋል። የአፈር ሳይንስ የተማረች ልጅ በአንድ የምርመራ ላቦራቶሪ ስድስት ወር ብትሠራ፣ ይዛው የምትመለሰው ሙያ ከፓርኪንግ ከሚገኘው ገንዘብ ጋር አይወዳደርም። ሥራ መፈለግ የምትጀምሩት የመጨረሻው ሴሚስተር ሳይገባ ይሁን።

ባለትዳር የሆናችሁ ሌላም እወቁ። ለጄ-1 ተማሪ የትዳር ጓደኛ በሚሰጠው በጄ-2 ቪዛ አብሮ የሚሄድ ባል ወይም የምትሄድ ሚስት ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ አመልክተው የሥራ ፈቃድ ካርድ ሊያገኙ ይችላሉ። ካርዱ እጃቸው ሳይገባ ግን አይጀምሩ፤ ገቢውም የዋናው ተማሪ መተዳደሪያ ነው ተብሎ ሊቀርብ አይችልም።

በመንግሥት ገንዘብ የምትማሩ ደግሞ ስትጨርሱ ሁለት ዓመት አገራችሁ መኖር ግዴታ እንደሚሆንባችሁ አስቀድማችሁ ተረዱ። ያንን ሳትፈጽሙ ወይም ነፃ ሳትደረጉ ኤች እና ኤል የሚባሉትን የሠራተኛ ቪዛዎችም ሆነ ግሪን ካርድ ማግኘት አይቻልም። እኔም በዚሁ ቪዛ ተምሬ ተመልሻለሁ፤ እነዚያን ዓመታት እንደ ቅጣት አላየኋቸውም። የተማርኩትን የሠራሁበት ጊዜ ነበር።

አሁን እዚያ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ፣ ሥራ የጀመራችሁም ካላችሁ፣ ዛሬውኑ አቁሙ። ለስፖንሰሩ ከመጻፋችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ፤ የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ የሚያማክሩበት ክፍል አላቸው። በመሰለኝ ምክር የሚሰጣችሁን ጓደኛም ሆነ በገንዘብ «እናስተካክላለን» የሚላችሁን ሰው አትስሙ። ተጠይቃችሁም ከሆነ አትዋሹ፤ ያለፈቃድ ከመሥራት ይልቅ በመዋሸት የሚመጣው መዘዝ ይከብዳል።

ገና ያልሄዳችሁት ደግሞ የቪዛ ቃለ መጠይቅ ቀናችሁ ከመድረሱ በፊት ቅጻችሁን ይዛችሁ ወደ እኔ ብትመጡ፣ መስመር በመስመር አብረን እናነበዋለን። ሐይቅ ዳር ያለውን ቤቴን የማያውቅ ተማሪዬ ካለ፣ ዋናው ግቢ በር ላይ ያሉትን ጥበቃዎች ይጠይቅ። ወላጆቻችሁንም ይዛችሁ ብትመጡ ደስ ይለኛል፤ የወር ወጪውን ሒሳብ እኔው አስረዳቸዋለሁ።