መልስ፦ የመጀመሪያ ጊዜ ለጋሾች ለምን አይመለሱም?

«አንድ ጊዜ የሰጡን ለጋሾች ለምን አይመለሱም?» ብለው ለጠየቁት፣ በእኔ እምነት ብዙዎቹ የሚርቁት ስጦታቸው የት እንደደረሰ ስለማያውቁ ነው። ኢኮኖሚስቱ ጄምስ አንድሪዮኒ እ.ኤ.አ. በ1990 እንዳብራራው፣ ሰው የሚሰጠው ተቀባዩን ለመርዳት ብቻ ሳይሆን መስጠቱ በራሱ ለሚፈጥርለት ደስታም ጭምር ነው፤ ደረሰኝ ብቻ ከተላከለት ግን ያ ስሜት ቶሎ የሚቀዘቅዝ ይመስለኛል። ስለዚህ ምስጋናው ሳይዘገይ፣ በስሙ፣ ሌላ የገንዘብ ጥያቄ ሳይታከልበት ይድረሰው። ቀጥሎም «ብዙ ሺህ ሕፃናትን ረድተናል» ከማለት ይልቅ የአንዲትን ተማሪ ጉዳይ፣ በእርሷና በቤተሰቧ ፈቃድ፣ ከመነሻው ጀምረው ይጻፉለት፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው የስሞል፣ የሎወንስታይንና የስሎቪክ ጥናት እንዳሳየው፣ ከአንዲት ልጅ ታሪክ ጎን የብዙኃኑ አኃዝ ሲጨመር እንኳ ልግስናው ቀንሷል። ክብሯን የሚነካ ፎቶ ግን እንዳይጠቀሙ አደራ እላለሁ። ሥራው ከዘገየም ለጋሹ ሳይጠይቅ አስቀድመው ምክንያቱን ይንገሩት።