ለእናትሽ መመለሻ ትኬት ከመቁረጥሽ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። እናትሽ ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ሮም ልጃቸው ጋ ሊሄዱ ነው። ከልጅ ልጆቻቸው ጋር አንድ ቀን እንኳ እንዳይቀርባቸው መመለሻውን የተፈቀደላቸው ቀን በሚያልቅበት ዕለት ልትቆርጪላቸው አስበሻል። «የአብራሪዎቹ ሰዓት አልቋል ተብሎ በረራ ቀረ ሲሉ እሰማለሁ፣ እውነት ነው ወይስ ሰበብ?» ብለሻል።

እውነት ነው። ትኬቱን ግን በዚያ ቀን እንዳትቆርጪ። እኔ ቆርጬ እማዬን ሮም ፊዩሚቺኖ ኤርፖርት ወንበር ላይ አሳድሬያታለሁ።

እንዳይምታታብሽ በቁጥር ልጻፍልሽ።

1. የሰዓቱ ነገር። አብራሪዎችና አስተናጋጆች በአንድ ጊዜ ስንት ሰዓት መስራት እንደሚችሉ በህግ ተወስኗል። ቆጠራው የሚጀምረው አውሮፕላኑ ሲነሳ አይደለም። ለስራ ከገቡባት ደቂቃ ጀምሮ ነው። መሬት ላይ ቆመው የሚጠብቁት ሁሉ ይቆጠርባቸዋል። በአውሮፓ ደንብ ሁለት አብራሪ ላለው በረራ፣ ጠዋት ስራ የገባ ቡድን እስከ 13 ሰዓት ይፈቀድለታል። ማታ ለገባ 11 ሰዓት ብቻ ነው። ያልታሰበ ነገር ሲገጥም ካፒቴኑ እስከ 2 ሰዓት ሊጨምር ይችላል። ግን ውሳኔው የራሱ ነው፤ ደክሞኛል ካለ ደክሞታል።

የእኛን በዚሁ ደንብ ላስላልሽ፤ ሰዓቱ ሁሉ የሮም ነው፣ በእኛ አቆጣጠር። በረራችን ከምሽቱ 5 ሰዓት ነበር። ሰራተኞቹ 4 ሰዓት ላይ ገቡ እንበል። 11 ሰዓት ስትደምሪበት ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አዲስ አበባ ደርሰው መቆም አለባቸው። መንገዱ 6 ሰዓት ገደማ ነው። እንግዲህ ካፒቴኑ ካልጨመረ በቀር፣ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ካልተነሱ አለቀ።

ተሳፍረን ከተቀመጥን በኋላ የጭነት በሩ አልዘጋ አለ። ቴክኒሻን መጣ፣ ሄደ፣ ሌላ መጣ። በሩ ሲሰራ 9 ሰዓት አልፏል። «የበረራ ሰራተኞቻችን የስራ ሰዓት ስላለቀ መነሳት አንችልም» ተባለ። አውሮፕላኑ ደህና፣ አብራሪው ፊታችን ቆሞ፣ ውረዱ! ሰው ሁሉ ጮኸ። እኔም ጮህኩ። ቤቴ ገብቼ ሳነብ ነው ነገሩ የገባኝ። በ2009 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ቡፋሎ አጠገብ አንድ አውሮፕላን ወድቆ 50 ሰው ሞቷል። ኪው 400 ነበር፣ እኛ ከኮምቦልቻ የምንሳፈርበት ዓይነት። ሲመረመር ዋናው ጥፋት የካፒቴኑ አያያዝ ነው ተባለ፤ ሁለቱም አብራሪዎች በደንብ እንዳላረፉም ታወቀ። የሟች ቤተሰቦች ዓመታት ታግለው የአሜሪካ የአብራሪዎች እረፍት ህግ በ2014 እ.ኤ.አ. ተጠናከረ። ያን ካነበብኩ ወዲህ በአብራሪ ላይ አልጮህም።

2. የቀኑ ነገር። እዚህ ጋ በደንብ አንብቢኝ። ቪዛው ላይ ሁለት ነገር ተጽፏል። አንዱ ቪዛው የሚያበቃበት ቀን ነው። ሌላው እዚያ መቆየት የሚቻልባቸው ቀናት ብዛት ነው። የሚያስቸግረው ሁለተኛው ነው። የገቡበትም የሚወጡበትም ቀን ይቆጠራል። እማዬ 90 ቀን ነበራት፣ እኔ በ90ኛው ቀን ትኬት ቆረጥኩ። ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ከአውሮፕላን ስንወርድ ተሳፋሪውን ወደ ሆቴል የሚወስድ አውቶብስ መጣ። ወደ አውቶብሱ ለመድረስ ግን ተመልሶ በፓስፖርት መስኮት ማለፍ ነበረብን። የመውጫ ማህተም ተመቶብናል፣ እኩለ ሌሊት አልፏል፣ የእማዬ 90 ቀን አልቋል። መስኮቱ ላይ ያለው ሰውዬ ፓስፖርቷን አገላበጠና በመስታወቱ ስር መልሶ ገፋው። «ተመለሱ» አለ፣ በእጁ። ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። የ68 ዓመት ሴት ናት! በሩ የተበላሸው በእኛ አይደለም ብዬ በእንግሊዝኛም፣ ጣሊያን ያለችውን እህቴን ስልክ ላይ አድርጌ በጣሊያንኛም አስረዳሁ። ከኋላችን ያለውን ሰው ጠራ። የእኔ ቀን ገና አላለቀም ነበር፣ እሷን ትቼ ግን የት እሄዳለሁ?

እማዬ ነጠላዋን ተከናንባ የብረት ወንበር ላይ አደረች። እግሯ አበጠ። የደም ግፊት መድኃኒቷ በተጫነው ሻንጣ ውስጥ ነበር። የእናትሽን መድኃኒት በእጅ ቦርሳቸው አድርጊ፣ ቢያንስ የሶስት ቀን። እሷ ግን እኔን ነበር የምታጽናናው። «አብሽሪ ልጄ፣ ይነጋል» ትለኛለች።

ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲገጥም ቪዛ ያለ ክፍያ እንደሚራዘም የሸንገን (ጣሊያንን ጨምሮ በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) የቪዛ ህግ ይፈቅዳል። ይህን ያወቅኩት ደሴ ከገባሁ በኋላ ነው። በሌሊት ያንን የሚያደርግልሽ ሰው አታገኚም። ስለዚህ ቢያንስ አራት ቀን አስተርፊ። የልጅ ልጅ ናፍቆት አራት ቀን ተጨምሮበትም አይወጣም።

3. ሁለቱን ትኬት ለየብቻ አትግዢ። ሮም–አዲስ አንድ፣ አዲስ–ኮምቦልቻ ሌላ አድርጎ የሸጠልኝ እዚሁ ደሴ ያለ የጉዞ ወኪል ነው፣ ስሙን አልጠራም። ይረክሳል ብሎኝ ነበር። ከሮም የተነሳነው በማግስቱ አመሻሽ ላይ፣ ሰራተኞቹ አርፈው ሲመለሱ ነው። አዲስ አበባ 19 ሰዓት ዘግይተን ስንደርስ የኮምቦልቻው በረራ ከሄደ ቆይቷል። ወኪሉ ጋ ስደውል «እሱ ሌላ ትኬት ነው፣ እኛን አይመለከተንም» አለኝ። ቢሮው ድረስ ሄጄም ያው ነው፤ ቆሜ ሲያናግረኝ ሻዩን እየጠጣ ነበር። አንድ ትኬት ቢሆን ኖሮ ቀጣዩን በረራ የሚያስይዘን አየር መንገዱ ነበር። አዲስ ትኬት በራሴ ገንዘብ ገዛሁ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን አቀበት ስንወጣ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት፣ እማዬ መስኮቱን ከፍታ «አሁን ገና ተነፈስኩ» አለች።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ይሄን ማንም አልነገረኝም፣ ራሴ ነኝ ያገኘሁት። ከአውሮፓ ህብረት አገር የሚነሳ በረራ፣ አየር መንገዱ የማንም ይሁን የማን፣ በደንብ 261/2004 ይገዛል። ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ ከ4 ሰዓት በላይ ከዘገየ ለአንድ ሰው 600 ዩሮ ካሳ አለው። ምግብ፣ ሆቴልና ወደ ሆቴሉ መጓጓዣ ከዚህ ውጭ ነው። ከአዲስ አበባ ሲነሱ ግን ይህ የሚሰራው አየር መንገዱ የአውሮፓ ህብረት አገር ከሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ የመመለሻውን የመሳፈሪያ ወረቀት እንዳትጥሉት።

የዘገየበትን ምክንያት እዚያው በጽሁፍ ጠይቂ። እኔ ጠየቅኩ፣ አንዷ ሰራተኛ በኢሜይል ላከችልኝ፦ የበር ብልሽት፣ ከዚያ የሰራተኞች የስራ ሰዓት ማለቅ። ደህና ሰው ነበረች። ካሳ ስጠይቅ አየር መንገዱ «ከአቅም በላይ ነው» ብሎ መለሰልኝ። የሷን ኢሜይል አያይዤ እንደገና ጻፍኩ። ተራ የቴክኒክ ብልሽት ካሳ እንደማያስቀር የአውሮፓ ህብረት ፍርድ ቤት በ2008 እ.ኤ.አ. ወስኗል። በ2023 ደግሞ ረዳት አብራሪ ከበረራ በፊት በድንገት ሞቶ እንኳ ካሳው አይቀርም ብሏል። ሁለቱንም ጠቀስኩ። ለጣሊያን ሲቪል አቪዬሽን ባለስልጣንም አመለከትኩ። ከአምስት ወር በኋላ 1,200 ዩሮ እህቴ ሂሳብ ገባ። ጠበቃ የለ፣ ኮሚሽን ተቀባይ የለ። ሸዋ በር ካለች ቤቴ ሆኜ በስልኬ ነው የጨረስኩት።

የጻፍኩት ደብዳቤ አሁንም አለኝ፣ በውስጥ መስመር ጠይቂኝና እልክልሻለሁ። ከዚያ በፊት ግን የእናትሽ ቪዛ ላይ ስንት ቀን እንደተጻፈና መቼ እንደሚገቡ ንገሪኝ፣ አብረን እንቁጠረው።