መልስ፦ በድምፅ ሙዚቃ ሁለተኛ ዲግሪ ያለው ሰው ተጨማሪ የማስተማር ሥልጠና ያስፈልገዋል?

ሁለተኛ ዲግሪዎ ለማስተማር ይበቃ እንደሆነ ጠይቀዋል። ለቅጥር ይረዳዎታል፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ለቋሚ መምህርነት ዶክትሬት ወይም ተመጣጣኝ የመድረክ ልምድ ይፈልጋሉ። በእኔ አስተያየት ዋናው ክፍተት ሌላ ነው፤ መዝፈን መቻልና ሌላውን ማዘፈን የተለያዩ ሙያዎች ናቸው።

የፒያኖ መምህር የተማሪውን ጣት አይቶ ያርማል፤ የድምፅ መምህር ግን የሚያርመው ነገር ጉሮሮ ውስጥ የተሰወረ በመሆኑ፣ በጆሮው ሰምቶና አገጭንና ትከሻን ተመልክቶ ምክንያቱን መገመት አለበት። (የዘፈን መምህሩ ማኑኤል ጋርሲያ እ.ኤ.አ. በ1854 በመስታወትና በፀሐይ ብርሃን የራሱን የድምፅ አውታሮች ለማየት የደከመው ያለ ምክንያት አልነበረም።) ለምሳሌ ተማሪው ከፍ ወዳለ ኖታ ሲደርስ አገጩን ቢያነሣና አንገቱ ቢገታተር፣ ያልሠለጠነ መምህር «ትንፋሽ ጨምር» ብሎ ውጥረቱን ያባብሰዋል፤ የሠለጠነው ግን በቀጭን ስትሮ ውስጥ እያዜመ እንዲለማመድ ያደርገዋል፤ ምክንያቱም ወደ ኋላ የሚመለሰው የአየር ግፊት አውታሮቹ እርስ በርስ በኃይል እንዳይጋጩ ያግዛል።

ስለዚህ ሥልጠና ሲመርጡ የድምፅ አካላትን አሠራር የሚያስተምር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ልምድ ያለው መምህር ክፍል ገብቶ ሲያስተምሩ እያየ የሚያርምዎትን ይምረጡ። የምስክር ወረቀቱን ስም ሁለተኛ ያድርጉት።