ሰም ከመቀባታችሁ በፊት

ልጆቼ፣ ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ ከባትላሜራ እስከ ቀለም ሥራ ዕድሜዬን ፈጅቻለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ጀልባና የአውቶብስ ፊት ስለሚሠራበት ፋይበር ነው። ፋይበር ሲደበዝዝ ሮጣችሁ ሰም ስትቀቡ አያለሁና ያሳስበኛል። ያን ቀን ያብረቀርቃል፣ ደንበኛውም ከፍሎ ይሄዳል። ሳይውል ሳያድር ግን እንደነበረው ይሆናል።

በጥቅምት ሐይቅ ከተማ ሄጄ ውሃው ዳር ላይ የተገለበጠ ሰማያዊ ጀልባ አየሁ። ጎኑን በመዳፌ ዳበስኩት። ነጣ ያለ ሰማያዊ ዱቄት እጄ ላይ ቀረ፣ ልክ ጠመኔ እንደያዘ መምህር። አቧራ አልነበረም። የጀልባው የራሱ ቆዳ ነው።

ፋይበር ሬዚን በሚባል፣ እንደ ሙጫ ይዞ በሚደርቅ ፈሳሽ የተጣበቀ የመስታወት ክር ነው። ላዩን ጄልኮት የሚባል ባለቀለም ስስ ሽፋን ይሸፍነዋል። ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ፀሐይ የምትበላው ይህን ነው። ሐይቅ ከተማ ደግሞ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ጎጂው የፀሐይ ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ዱቄት በሆነ ቆዳ ላይ ሰም ብትቀቡ፣ ሰሙ የሚይዘው ዱቄቱን ነው። ዱቄቱ ሲረግፍ አብሮት ይሄዳል።

ስለዚህ መጀመሪያ ለስላሳ ሳሙና ባለው ውሃ እጠቡት፣ በደንብ ይድረቅ። ከዚያ በኮምፓውንድ፣ ማለትም በማለስለሻ ቅባት፣ እሹት። ጨርቁ ሰማያዊ ይሆናል፤ አትደንግጡ፣ የሞተው ቆዳ እየወጣ ነው። ጥግና ጠርዝ ላይ ግን እጃችሁን አቅልሉ። በወጣትነቴ የአንድ አውቶብስ ፊት ቶሎ ላስረክብ ብዬ በሻካራ ብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩት። ጠርዙ ላይ ጄልኮቱ አለቀና ክሩ እንደ ሸረሪት ድር ብቅ አለ። ክር ከወጣ ደግሞ ሰም አያድነውም፣ እንደገና ጄልኮት መቀባት ግድ ነው። ባለቤቱ ፊት የቆምኩበትን ሰዓት እስከ ዛሬ አልረሳውም። ብርጭቆ ወረቀት የምትይዙ ከሆነ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ ብናኙ ለሳንባም ለቆዳም ክፉ ነው።

ሰሙን ጥላ ውስጥ፣ ዕቃው ሲቀዘቅዝ፣ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ክንድ በሚያህል ቦታ እየከፈላችሁ ሂዱ። ጭጋግ ሲመስል በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጥረጉት። ሁለተኛ ዙር ድገሙት። ከዚያ በኋላ በልብስ ዱቄት ሳሙና አትጠቡት፣ ሰሙን ያነሳዋል። ማለቁን ውሃ ይነግራችኋል፦ እንደ ዶቃ ክብ ክብ እያለ ከተንከባለለ ሰሙ አለ፤ ተዘርግቶ ከተኛ አልቋል።

ያን ቀን የጀልባውን ልጅ ጠርቼ አንዲት ቦታ ብቻ አብረን ሠራን። ከሐይቁ በእፍኙ ውሃ ቀድቶ ረጨባት። ጠብታዎቹ ተንከባልለው ወረዱ። «አባባ፣ ሌላው ጎንስ?» አለኝ። «አብሽር፣ ጊዜ አለህ» አልኩት። ስሄድ ጨርቁን እየገለበጠ ያሽ ነበር።