ስኳሩ የቀነሰ የቅጠል ኮክቴል፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ደሴ የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ስኳር ሳይበዛ ለእንግዳ የሚቀርብ የቅጠል መጠጥ ስለማዘጋጀት ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ይኸው መልሱ። መነሻዬ አልኮል የሌለበት ነው።

ጥያቄ፦ ቤቴ ያለው ጦስኝ፣ ናናና ሎሚ ብቻ ነው። ይበቃል?

መልስ፦ ሞልቶ ተርፎ! ግማሽ ሊትር ውሃ አፍልተሽ አውርጂና አንድ የሾርባ ማንኪያ ደረቅ ጦስኝ ጨምረሽ ክደኚው፤ ካልተከደነ ሽታው ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። ደሴ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ አትቸኩዪ፤ 10 ደቂቃ ይቆይና አጥልዪው። ማር ካሰኘሽ ለአንድ ብርጭቆ አንድ የሻይ ማንኪያ በቂ ነው፤ እሱንም ለብ ሳለ አማስዪው። ከቀዘቀዘ በኋላ ከጨመርሽው ሥር ይዘቅጥና የላይኛው ጉንጭ መራራ፣ የታችኛው ሽሮፕ ይሆናል። ሲቀዘቅዝ ግማሽ ብርጭቆ ቅጂ፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ ጨምሪ፣ የቀረውን በአምቦ ውሃ ሙዪው። ናናውን አትውቀጪው፣ ይመራል፤ በመዳፍሽ አንዴ ጨብ አድርገሽ ጣል ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ ስኳር አለባቸው። ማር ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳቸውም አይደል?

መልስ፦ ይጎዳቸዋል እንጂ፤ ማርም ደም ውስጥ ሲገባ ስኳር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ25 ግራም ገደማ ባይበልጥ ይመረጣል የሚለው ስኳር ማርንና የፍራፍሬ ጭማቂንም ይጨምራል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ነው፤ አንድ ጣሳ ኮላ 35 ግራም ገደማ ይይዛል። ለሳቸው ማሩን ተወውና ዝንጅብል ጨምርበት። በነገራችን ላይ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር ጭራሽ አይሰጥም።

ጥያቄ፦ ጤና አዳም ባበዛበትስ?

መልስ፦ ኧረ ተይ! ቡና ላይ ጣል የምናደርጋት ቅንጣቢ ሌላ፣ ጭብጥ ሙሉ በብሌንደር ፈጭቶ መጠጣት ሌላ። እርጉዝ ሴት ጨርሶ አትጠጣው፤ ማህፀን ያነሣሣል። ጭማቂው ቆዳ ነክቶ ፀሐይ ካገኘውም እንደ እሳት ያቃጥላል፣ ውሃ ያቋጥራል። ሎሚም ይህ ጠባይ አለው፤ ስትጨርሺ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ሙቀቱ ከብዷል። ለኢፍጣር ከርከዴ አቀዝቅዘን እንጠጣለን፤ አባቴ ግን የግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ።

መልስ፦ ከርከዴ ራሱ ግፊት ይቀንሳል። ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይቀምሱ ውለው ከመድኃኒቱ ጋር ሲደረብ ብድግ ሲሉ ሊያዞራቸው ይችላል። ሐኪማቸውን እስኪጠይቁ ይቅርባቸው። ጨው ቀንሱ ተብለው ከሆነ አምቦውም ሶዲየም አለው፤ ተራ ውሃ ይሻላቸዋል።

ጥያቄ፦ ትንሽ አረቄ ጠብ ባደርግበትስ?

መልስ፦ እዚህ ላይ ጠበቅ እላለሁ። ለአሜባ ሜትሮኒዳዞል የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን ከጨረሰ በኋላም 3 ቀን ይታገሥ። የበለጠ የሚያሳስበኝ ለስኳር በሽታው ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን ኪኒን የሚወስደው ነው። ሳይበላ ከጠጣ ስኳሩ ይወርዳል፤ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ንግግሩ ይዘባረቃል። አጠገቡ ያሉት ሰክሯል ብለው ያስተኙታል፤ እሱ ግን የሚያስፈልገው ቶሎ ስኳር መቅመስ ነው። ራሱን ከሳተ ምንም አፉ ውስጥ ሳትጨምሩ ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ።

ጥያቄ፦ ስንት ቀን ይቀመጣል?

መልስ፦ የተጠለለው ጦስኝ ፍሪጅ ውስጥ 2 ቀን። ሎሚና አምቦ ሲቀዳ ነው የሚጨመረው።